በገላ ላይ የሚታሰር ሴንሰር በፓተንት መርማሪ ፊት

በቨርጂኒያ ግዛት በአሌክሳንድሪያ ከተማ በሚገኘው የአሜሪካ የፓተንትና የንግድ ምልክት መሥሪያ ቤት ለእኔ ለመርማሪው የሚመሩልኝ ማመልከቻዎች፣ አብዛኞቹ በእጅ አንጓ፣ በወገብ ወይም በጫማ ላይ ታስረው የሰውን አካል እንቅስቃሴ የሚከታተሉ ሴንሰሮችን የሚመለከቱና በምደባው መዝገብ «ኤ61ቢ 5/11» በተባለው ክፍል የሚመደቡ ናቸው። የማመልከቻው መግለጫ መሣሪያው ለሕሙማንና ለአረጋውያን የሚያስገኘውን በረከት በብዙ ገጽ ሊያትት ይችላል፤ ነገር ግን በሕግ ፊት የአመልካቹን መብት የሚወስነው በመጨረሻ የሚመጣው የመብት ጥያቄ አንቀጽ ስለ ሆነ፣ መርማሪ ይህን አንቀጽ፣ የአንድምታ መምህር ንባቡን እያነሣ እንደሚያመሠጥር፣ አንዲት ቃል ሳይዘል ሊመረምረው ይገባል።

ከእነዚህ አንቀጾች የሚበዙት መጀመሪያ ሲቀርቡ እንዲህ ያለ መልክ አላቸው፦ በእጅ አንጓ የሚታሰር ማሰሪያ፣ በማሰሪያው ውስጥ የተቀመጠ አክስለሮሜትር፣ ከአክስለሮሜትሩም በሚደርሰው መረጃ የሰውየውን የእንቅስቃሴ ዓይነት የሚለይ ፕሮሰሰር። ነገሩ አጭርና ንጹሕ ይመስላል፤ ቃሉ በሰፊው ፍችው ሲነበብ ግን ርምጃ የሚቆጥረውን፣ አረጋዊ ሲወድቅ ለቤተ ሰብ የሚያስታውቀውን፣ የፓርኪንሰን ሕመምተኛን የእጅ መንቀጥቀጥ የሚለካውን መሣሪያ ሁሉ ጠቅልሎ ይይዛል። ይህን ያህል ሰፊ ነገር የሚጠይቅ ሰው ከእርሱ በፊት ከተሠራው ሁሉ ጋር መጋጠሙ ግድ ነው፤ የተሠራውም ጥቂት አይደለም። ፈረንሳዊው ሊቅ ኤቲየን ዡል ማሬ እ.ኤ.አ. በ1873 ባሳተመው መጽሐፍ እንደ ገለጸው፣ በላስቲክ ሶሉ ውስጥ የአየር ክፍል ያለው ጫማ አሠርቶ፣ እግር መሬትን በተጫነ ጊዜ የታመቀው አየር በቀጭን ቱቦ አልፎ፣ ሯጩ በእጁ በያዘው መዝጋቢ ላይ መስመር እንዲጽፍ አድርጎ ነበር፤ የጃፓኑ ያማሳ ኩባንያም በ1965 በወገብ የሚታሰር የርምጃ መቁጠሪያ ለገበያ አቅርቧል። የማሬ ጫማ ፕሮሰሰር የለውምና ብቻውን የዛሬውን አንቀጽ አይሽርም፤ አንድ አንቀጽ አዲስ አይደለም ለማለት በውስጡ የተዘረዘረው ሁሉ በአንድ ቀደምት ሰነድ ተሟልቶ መገኘት አለበትና። ይሁን እንጂ መሣሪያን ከአካል ጋር አስሮ እንቅስቃሴን መመዝገብ የሚለው ሐሳብ ራሱ፣ ከመቶ ሃምሳ ዓመት ወዲህ የሁሉ ሀብት መሆኑን ያ ጫማ ይመሰክራል።

ታዲያ የፈጣሪው ድካም ወዴት ይገኛል? በእኔ አስተያየት በዚህ ጥበብ እውነተኛው ፈጠራ በአብዛኛው የሚገኘው በሴንሰሩ ሳይሆን የሴንሰሩን ስሕተት በማረሙ ላይ ነው። አክስለሮሜትር የሚለካው ርቀትን ሳይሆን የፍጥነትን ለውጥ በመሆኑ፣ የቦታን ለውጥ ለማወቅ ልኬቱን በጊዜ ላይ ሁለት ጊዜ ማጠራቀም ያስፈልጋል፤ ከልኬቱም ጋር ስሕተቱ አብሮ ይጠራቀማል። መሣሪያው በሰከንድ ስኩዌር አንድ ሳንቲ ሜትር ብቻ የማይለዋወጥ ስሕተት ቢኖርበት፣ ከቦታው ያልተነቃነቀው ሰው ከአንድ ደቂቃ በኋላ 18 ሜትር፣ ከዐሥር ደቂቃ በኋላ 1800 ሜትር የተጓዘ ሆኖ ይቆጠራል። ለዚህ ከተገኙት መድኃኒቶች አንዱ ሴንሰሩን ከጫማ ጋር ማሰር ነው፤ የሚራመድ ሰው እግር በየርምጃው ለቅጽበት መሬት ላይ ያርፋልና፣ በዚያች ቅጽበት ፍጥነቱ ዜሮ መሆኑ ስለሚታወቅ የተጠራቀመው ስሕተት ይታረማል። ኤሪክ ፎክስሊን በ2005 ይህን ዘዴ በጽሑፍ አብራርቶ ስላወጣው ዛሬ ማንም የግሌ ነው ሊለው አይችልም፤ ሆኖም ስሕተቱ ከምን እንደሚመነጭ፣ ሴንሰሩ ለምን በዚያ የአካል ክፍል እንደ ተቀመጠና በምን ሥርዓት እንደሚታረም በዚሁ ዓይነት ጥንቃቄ የተጻፈ ማመልከቻ ሲገጥመኝ፣ በብርቱ የተደከመበት ሥራ በእጄ እንዳለ ዐውቃለሁ።

ይኸው ፎክስሊን በ2002 በተሰጠው ፓተንት አንዱን ሴንሰር በአብራሪው የራስ ቁር፣ ሌላውን በሚንቀሳቀሰው አውሮፕላን ላይ አድርጎ፣ የራስን እንቅስቃሴ ከአውሮፕላኑ አንጻር የሚለካበትን መንገድ አሳይቶ ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2014 በአሊስ ጉዳይ ረቂቅ ሐሳብን በኮምፒውተር መፈጸም ብቻውን ለፓተንት እንደማያበቃ ከወሰነ በኋላ፣ ፎክስሊን የፈጠረውም የሒሳብ ስሌት ብቻ ነው ተብሎ በሥር ፍርድ ቤት ወድቆ ነበርና፣ የፌዴራሉ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በመጋቢት 2017 በታለስ ቪዝዮኒክስ ጉዳይ ውሳኔውን ሻረው። በሒሳብ መጠቀሙ ፈጠራውን ረቂቅ ሐሳብ አያደርገውም፤ ሴንሰሮቹ በተለየ አኳኋን ተቀምጠው የልኬቱን ስሕተት ይቀንሳሉና። ይህን ፍርድ ትክክለኛ ፍርድ እለዋለሁ።

ከሁሉ ይልቅ ሕሊናን የሚፈትነው ግን ፈጠራው ለሙያው ሰው ግልጽ ነበርን የሚለው ጥያቄ ነው። የፓርኪንሰን መንቀጥቀጥ በአብዛኛው እጅ ባረፈበት ጊዜ በሰከንድ ከ4 እስከ 6 ጊዜ የሚመላለስ በመሆኑ፣ ይህን ጥርስ ከመፋቅ ወይም ቡና ከማማሰል የሚለይ መሣሪያ የሠራ ሰው ማመልከቻውን ሲያቀርብ፣ መልሱን አስቀድሞ ያነበበ መርማሪ «ይህማ ማን ያጣዋል» ለማለት ይፈጥናል። ስለዚህ ሁለት ቀደምት ሰነዶችን አጋጥሜ ከመከልከሌ በፊት፣ የሙያው ሰው ማመልከቻው ከመቅረቡ አስቀድሞ ለምን ያገናኛቸው እንደ ነበር ምክንያቱን በጽሑፍ አሰፍራለሁ፤ ምክንያቱን ከራሱ ከአመልካቹ ወረቀት ካልተበደርሁ በቀር ለመጻፍ ካልቻልሁም ክልከላውን እተዋለሁ። ያለ አግባብ የተሰጠ ፓተንት የሐኪሙን መሣሪያ ያስወድዳል፤ ያለ አግባብ የተከለከለም የፈጣሪውን የልፋት ዋጋ ያስቀርበታል።

በሀገር ቤት በዚህ ጥበብ የምትደክሙ ወጣት መሐንዲሶች፣ አዋጅ ቁጥር 123/1987 በሰው አካል ላይ ለሚፈጸም የሕመም መመርመሪያ ዘዴ ፓተንት እንደማይሰጥ፣ ለዚያ የሚያገለግለውን መሣሪያ ግን እንደማይከለክል ልብ በሉ። ስለዚህ መብት የምትጠይቁት ለመሣሪያው ይሁን፤ ሴንሰሩ የት እንደሚቀመጥና ስሕተቱ እንዴት እንደሚታረም አንድም ሳታስቀሩ ጻፉ፤ ሥራችሁንም በአደባባይ ከማሳየታችሁ በፊት ማመልከቻችሁን አስገቡ። ፓተንቱ 15 ዓመት ይጸናል፤ ፈጠራው በኢትዮጵያ በሥራ ላይ መዋሉ ከተረጋገጠ ደግሞ 5 ዓመት ይጨመርለታል።