ሦስት ጎማ፣ ሁለት ሒሳብ

በኤሌክትሪክ የሚታገዝ ባለ ሦስት ጎማ ብስክሌት ለመግዛት የሚያስብ ሰው መጀመሪያ የሚያሰላው የቤንዚን ቁጠባውን ነው። ሻጮችም የሚያሳዩት ያንኑ ነው፤ ለማሳየትም ያምራል። በአሜሪካ በብዛት ከሚሸጡት አንዱ «ሌክትሪክ» የተባለው ኩባንያ ሞዴል ነው። ገበያ ላይ ሲውል ዋጋው 1,499 ዶላር፣ የባትሪው አቅም ደግሞ 672 ዋት ሰዓት ነበር። ቻርጅ ሲደረግ የሚባክነው ተጨምሮ አንድ ጊዜ ለመሙላት 0.8 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ይበቃዋል። በ2024 እ.ኤ.አ. በነበረው የአሜሪካ አማካይ የቤት ታሪፍ ይህ 13 ሳንቲም ገደማ ነው። በጋሎን 25 ማይል የምትሄድ መኪና፣ ጋሎኑ 3.30 ዶላር ቢሆን፣ በ13 ሳንቲም የምትሄደው አንድ ማይል ብቻ ነው። ብስክሌቱ በዚያው ገንዘብ ሃያ ማይል ይሄዳል።

እንዲህም ሆኖ ሒሳቡ አያዋጣም። የሰፈር ጉዞ አጭር ነዋ። በሳምንት ሃያ ማይል፣ በዓመት አንድ ሺህ ማይል ቢሄዱበት ከቤንዚን የሚተርፈው 125 ዶላር አካባቢ ነው። የተገዛበትን ለመመለስ አሥራ ሁለት ዓመት ይፈጃል ማለት ነው። ባትሪው ያን ያህል አይቆይም፤ በአምስት ዓመት አካባቢ አቅሙ ይዳከማል፣ መተኪያውም ብዙ መቶ ዶላር ያስወጣል። እውነተኛው ነዳጅ ኤሌክትሪኩ ሳይሆን ቀስ በቀስ የሚያልቀው ባትሪ ነው። በቤንዚን ብቻ የሚያሰላ ሰው ባይገዛው ይሻለዋል።

ሌላው ሒሳብ የሰው ሰዓት ነው። ዴንቨርና ጎረቤቷ አውሮራ ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባቸው ከተሞች ናቸው፤ ልጆቻቸው ዘንድ የመጡ እናቶችና አባቶችም ጥቂት አይደሉም። ብዙዎቹ መኪና አይነዱም። በስልሳ አምስት ዓመት መንጃ ፈቃድ ለማውጣት መነሣት፣ ቋንቋው ሲጨመርበት፣ ቀላል አይደለም። ስለዚህ ሐበሻ ሱቅ በልጅ መኪና ነው፣ ክሊኒክም በልጅ መኪና፣ ጎረቤት ለቅሶ መድረስም እንዲሁ። ልጅ እናቱን ስላደረሰ ሒሳብ አይጠይቅም፤ ለዚህም ነው ወጪው በየትኛውም መዝገብ ላይ የማይሰፍረው። ኢኮኖሚክስ ግን የተሠዋውን አማራጭ ይቆጥራል። በሳምንት ሁለት ሰዓት ቢሄድ በዓመት መቶ ሰዓት ይሆናል። የዴንቨር ዝቅተኛ የሰዓት ክፍያ በ2025 እ.ኤ.አ. 18.81 ዶላር ነበር። መቶ ሰዓት በዚህ ሲባዛ 1,881 ዶላር ነው። ለወላጆቹ ብስክሌቱ ቢገዛላቸውም ክረምቱ በረዶ ነው፣ ቤተ ክርስቲያኑም ሩቅ ሊሆን ይችላል፤ ስለዚህ ግማሹ ጉዞ በመኪና ይቀራል እንበል። ያኔም ብስክሌቱ ሁለት ዓመት ሳይሞላው ራሱን ይከፍላል። እናትየዋ «ልጄ ደክሞታል» ብለው ሳይወጡ የሚቀሩባቸው ቀናት ግን እዚህ ሒሳብ ውስጥ አልገቡም፤ በእኔ ግምት ትልቁ ኪሳራ እሱ ነው።

ሁለተኛ መኪና ገዝቶ መገላገልም አለ። የአሜሪካ አሽከርካሪዎች ማኅበር ትሪፕል ኤ በ2024 እ.ኤ.አ. ባወጣው ስሌት የአዲስ መኪና ዓመታዊ ወጪ፣ የዋጋ መውረዱና ኢንሹራንሱ ተደምሮ፣ 12,297 ዶላር ነበር። አሮጌ መኪና ከዚህ ይረክሳል፤ ያም ቢሆን ኢንሹራንሱና ጥገናው አይቀርለትም። በሌላ በኩል የአሜሪካ የኢነርጂ መሥሪያ ቤት ባሳተመው አኃዝ በ2021 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ከተደረጉት ጉዞዎች 52 በመቶው ከሦስት ማይል በታች ነበሩ። ለዚህ ርቀት የሁለት ቶን ብረት ማንቀሳቀስ ከልማድ በቀር ምክንያት የለውም።

ብስክሌቱ ርካሽ ሆኖ እንዲቆይ ያደረገው ሕጉም ነው። በ2002 እ.ኤ.አ. የወጣው የፌዴራል ሕግ ሁለት ወይም ሦስት ጎማ ያለውን፣ የሚሠራ ፔዳል ያለውን፣ ሞተሩ ከ750 ዋት በታች የሆነውንና በሞተሩ ብቻ በሰዓት 20 ማይል የማይደርሰውን ተሽከርካሪ ከሞተር ተሽከርካሪ ጎራ አውጥቶ ብስክሌት አድርጎታል። በኮሎራዶም መንጃ ፈቃድ፣ ሰሌዳና የግዴታ ኢንሹራንስ አይጠየቅበትም። አውሮፓ ጠበቅ ያደርጋል፦ 250 ዋት፣ በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር ሲደርስ ሞተሩ ማገዝ ያቆማል።

ስፖርትነቱን በተመለከተ ሻጩን መጠየቅ ያለብን አንድ ጥያቄ አለ። አንዳንዱ ብስክሌት እግር ፔዳሉን ምን ያህል እንደገፋ ይለካና በዚያው ልክ ያግዛል፤ ሌላው ፔዳሉ መዞሩን ብቻ አይቶ ሞተሩን ይለቃል። በሁለተኛው ላይ እግር ለስሙ ይዞራል እንጂ አይደክምም፤ እጀታው ላይ ያለውን የሞተር መዘውር ብቻ የሚጠቀም ደግሞ ተቀምጦ የሚጓዝ መንገደኛ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂዎች በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይመክራል። የጂም ወርኃዊ ክፍያ ተከፍሎ ሳይሄዱበት ያልቃል፤ ሽንኩርት ሲያልቅ ግን ሱቅ መሄድ ግድ ነው። እንቅስቃሴው ከጉዳይ ጋር ሲታሰር የማይቋረጠው ለዚህ ነው።

ዋጋው ላይ ያልተጻፉ ወጪዎች አሉበት። ክብደቱ ሠላሳ ኪሎና ከዚያ በላይ ስለሆነ አፓርታማ ሁለተኛ ፎቅ ለሚኖር ደረጃ ላይ አይሸከሙትም፤ አውቶቡስ ፊት ላይ ያለው የብስክሌት መስቀያም አይችለውም። ሚዛን ይጠብቃል ቢባልም ኩርባ ላይ በፍጥነት ከዞሩት ይገለበጣል፤ እንደ ሁለት ጎማው ወደ ጎን አይጋደምምና። በርካሽ የተገዛ ያልተመሰከረለት ባትሪ ቤት ያቃጥላል። ኒው ዮርክ ከተማ በተደጋጋሚ እሳት ከተማረረች በኋላ ከሴፕቴምበር 2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የደኅንነት ምስክር የሌለው እንዳይሸጥ ከልክላለች።

ድጎማውም የራሱ ጉድ አለው። ዴንቨር በኤፕሪል 2022 እ.ኤ.አ. ለማንኛውም ነዋሪዋ 400፣ ገቢው ዝቅ ላለ 1,200 ዶላር የብስክሌት ኩፖን መስጠት ጀመረች። ገንዘቡ የመጣው ሕዝቡ በ2020 እ.ኤ.አ. በድምፁ ካጸደቀው የሩብ በመቶ የሽያጭ ታክስ ነው። ኩፖኑ የሚሠራው ግን በተመዘገቡ የከተማዋ ሱቆች ብቻ ነበር፤ በኢንተርኔት የሚሸጠው ርካሹ ሦስት ጎማ አይሸፈንም ነበር። ሱቅ ውስጥ ያለው ደግሞ ይወደዳል። ድጎማው ከፊሉ ለገዢ፣ ከፊሉ ለሱቅ የሄደው በዚህ መንገድ ነው። ሱቅ መደገፉን አልቃወምም፤ ጥገና የሚሠራው እሱ ነው። አውሮራ የሚኖረው ወገናችን ግን የዴንቨር ነዋሪ ስላልሆነ ኩፖኑ ከነጭራሹ አልደረሰውም። በኋላ የኮሎራዶ ግዛት ከኤፕሪል 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለእሱም የሚደርስ፣ በግዢ ወቅት የሚቀነስ 450 ዶላር ፈቀደ። በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ ፌዴራል መንግሥቱ ከቻይና በሚገቡ የኤሌክትሪክ ብስክሌቶች ላይ የነበረውን የ25 በመቶ ታሪፍ እፎይታ አነሳ። አንድ መንግሥት በግራ የሰጠውን ሌላው በቀኝ ወሰደው።

ይህን ሒሳብ ወደ አገር ቤት የሚያመጣ ሰው ግን ይሳሳታል። 1,500 ዶላር በባንክ ምንዛሪ ከ200 ሺህ ብር በላይ ነው፣ ማጓጓዣና ቀረጥ ሳይነካ። ባትሪውን አንድ ጊዜ የሚሞላው ኤሌክትሪክ ከአንድ ማኪያቶ ዋጋ በታች ቢሆንም ለውጥ አያመጣም። ዴንቨር ውስጥ ውዱ የሰው ሰዓት፣ ርካሹ ዕቃው ነው፤ ባሕር ዳር ላይ ተገላቢጦሽ ነው። ከተማዋ ሜዳ፣ ሕዝቡም ከብስክሌት ጋር የኖረ ነው፤ ሆኖም እዚያ ሦስት ጎማ የሚገዛ ሰው ገንዘቡን የሚመልሰው እንጀራ፣ የውኃ ጀሪካን ወይም የሱቅ ዕቃ ካደረሰበት እንጂ ለእግር ማፍታቻ ከያዘው አይደለም። ጥር 2024 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያ ይፋ የተደረገው በነዳጅ የሚሠሩ መኪናዎችን ማስገባት የሚከለክለው ውሳኔና የኤሌክትሪክ መኪናዎች የቀረጥ ማበረታቻ ወሬውን ሁሉ ወደ አራት ጎማ ወስዶታል። እኔ ብሆን ለዕቃ ማድረሻው ሦስት ጎማ ብድር ማዘጋጀትን እመርጣለሁ፤ ሥራ ይፈጥራል፣ የሚፈልገው ዶላርም ትንሽ ነው።

ለወላጆቹ ከአሜሪካ አንድ ልላክ ለሚል ልጅ ደግሞ ያንኑ ገንዘብ ለሰፈሩ ባጃጅ ሾፌር በወር ኮንትራት ቢከፍለው ይሻላል፤ እናት ክሊኒክም ለቅሶም በሰዓታቸው ይደርሳሉ፣ ባትሪ የሚጠግን ፍለጋም የለም። የእግሩ እንቅስቃሴ የቀረ እንደሆነ፣ ገበያ በእግር ደርሶ መመለስ ነው።