ፒስተን ከማስፋቃችሁ በፊት

ጥር ላይ ቴምፕል፣ አንድ ጓደኛችን ጋራዥ ውስጥ ቴስታታው የወረደለትን ሞተር ከበን ቆመናል (አገር ቤት ቴስታታ የምንለው እዚህ ሲሊንደር ሄድ ነው)። በሰመር ሠርቶ ባጠራቀመው ብር የገዛው የስፖርት ካምሻፍት ገና ካርቶኑ ውስጥ ነው። የፋብሪካው ፒስተን ሳይነካ ይገጠማል ወይስ ቫልቩ ፒስተኑን ይመታዋል?

ብዙዎቻችን የምንፈራው ቫልቩ ምን ያህል እንደሚከፈት ነው። ነገር ግን ቫልቩ ሙሉ በሙሉ ሲከፈት ፒስተኑ ወደ ታች ርቋል። አደጋው ፒስተኑ የላይኛው ጫፍ አካባቢ ሲሆን ነው፦ የጭስ ማውጫው ቫልቭ ገና አልተዘጋም፣ የአየር ማስገቢያው መከፈት ጀምሯል። በአብዛኛው የመጀመሪያው ከጫፉ 10 ዲግሪ ያህል በፊት፣ ሁለተኛው 10 ዲግሪ ያህል በኋላ ለፒስተኑ በጣም ይቀርባሉ። ስለዚህ ብዙ የማይከፍት፣ ግን ለረጅም ጊዜ ከፍቶ የሚያቆይ ካምሻፍት የባሰ ሊሆን ይችላል።

ለመለካት የልጆች መጫወቻ ጭቃ ፒስተኑ ላይ ለጥፉ፤ ላዩን ዘይት ቀቡት። ቴስታታውን ባገለገለው ጓርኒሲዮን እሰሩ፤ አዲሱ ከዚያ የሳሳ ከሆነ ልዩነቱን ቀንሱ። ካምሻፍቱን በምልክቱ ገጥማችሁ ክራንክሻፍቱን በእጅ ሁለት ሙሉ ዙር አዙሩ። ከያዘ አታስገድዱት። ከዚያ ጭቃውን በምላጭ ቁረጡ፤ በጣም የሳሳው ቦታ ክፍተታችሁ ነው። በዘይት ግፊት የሚሠራ ታፔት በእጅ ሲዞር ስለሚሰምጥ ያሳስታል፤ ለልኬቱ ጠጣር ታፔት ይሻላል። ጭቃው በብርድ ይጠጥራል፤ እኛ ኪሳችን ውስጥ ነው ያሞቅነው።

የተለመደው ዝቅተኛ ልክ ለማስገቢያው 2፣ ለጭስ ማውጫው 2.5 ሚሊሜትር ነው። በከፍተኛ ዙር ቢዬላው በጥቂቱ ይሳባል፣ ሞላውም ቫልቩን በጊዜ መመለስ ሊያቅተው ይችላል። የጭስ ማውጫውን ቫልቭ ደግሞ ፒስተኑ ከኋላ እያሳደደው ነው የሚወጣው።

የእኛ 2.3 እና 1.6 ወጣ። ካምሻፍቱን ትንሽ ማስቀደም የጭስ ማውጫውን ክፍተት ያሰፋል፤ የማስገቢያውን ግን ያጠብባል። እዚያ የተረፈን 0.3 ብቻ ስለሆነ አላዋጣም።

የቀረው ማስፋቅ ነው። አስቀድሞ የፒስተኑ አናት ውፍረት ይለካል፤ ከተፋቀ በኋላ 5 ሚሊሜትር ያህል እንዲተርፍ እንፈልጋለን፣ በተለይ ከላይኛው ፋሻ አጠገብ። ጎድጓዳው የቫልቩን ዝንባሌ ይከተል፣ ከቫልቩም ዙሪያውን ትንሽ ይስፋ። ሹል ጠርዝ ግሎ ያለጊዜው እንዳያቀጣጥል ይለስልስ። ሁሉም ፒስተኖች ከሥራው በኋላ ይመዘኑ። ጭመቃም ይቀንሳል፦ 500 ሲሲ ሲሊንደር በ10 ለ 1 ከሆነ፣ 2 ሲሲ ብቻ መፋቅ ወደ 9.7 ያወርደዋል።

ጓደኛችን ካምሻፍቱን ወደ ካርቶኑ መልሶ ፒስተኖቹን ለቶርኖ ቤት ሰጠ። እስኪመለሱ ድረስ ኮሌጅ የሚመጣው በባቡር ነው።