ስለ ኮምጣጣ መሬትና ስለ ኖራ

አሲድ የሚባለው እንደ ሎሚ ውሃ የሚኮመጥጥ ነገር ነው፤ ቤዝ የሚባለው ደግሞ እንደ አመድ ውሃና እንደ ኖራ ያለ ነው። ሁለቱ በተገናኙ ጊዜ አንዱ የሌላውን ኃይል ያጠፋል። መለኪያቸው ፒኤች ነው፤ መካከለኛው 7 ሲሆን ከዚያ ያነሰው አሲድ፥ የበለጠው ቤዝ ይባላል። ቁጥሩ በአንድ ሲወርድ አሲድነቱ 10 እጥፍ ይበዛልና 4.5 የሆነ መሬት ከ5.5ቱ በጥቂት ብቻ የከፋ ሊመስል አይገባም።

በጎጃምና በወለጋ ብዙ ዝናም አፈሩን እያጠበ ያኮመጥጠዋል። ፒኤቹ ከ5.5 በታች በወረደ ጊዜ አሉሚኒየም ይሟሟና የገብሱን ሥር ያቀጭጨዋል፤ የማዳበሪያውም ፎስፎር በአፈሩ ተይዞ ይቀራል። ባላገሩ ገንዘቡን ከፍሎ ፍሬውን የሚያጣው በዚህ ምክንያት ነው።

መድኃኒቱ ኖራ ነው። ነገር ግን በዚህ ስም ሁለት ነገር ይጠራልና ሹሙ ለይቶ ማወቅ አለበት። ሳይቃጠል የተፈጨው የኖራ ድንጋይ እጅ አይጎዳም። ድንጋዩ በ900 ዲግሪ ገደማ ሲቃጠል ሙቀት ይስባል፤ የተቃጠለው ኖራ ግን ውሃ ሲነካው ሙቀት እያወጣ ይፈላል፤ ዓይንንና እርጥብ ገላን ያቃጥላል። ጣራው በሚያፈስ ጎተራ የተከማቸ እንደ ሆነ እሳት እስከ ማስነሣት ይደርሳል። ደግሞም ኖራ ከዩሪያ ጋር ባንድነት አይበተንም፤ አሞኒያው በንኖ ይጠፋልና።