2 ቁጥር፣ 25 ደቂቃ

ሰሞኑን ታክሲ ውስጥ አንድ የሬዲዮ አቅራቢ ስለ «ዓለማችን ከባዱ ሱዶኩ» ሲያወራ ሰማሁ። የሠራው ፊንላንዳዊው የሒሳብ ሊቅ አርቶ ኢንካላ ነው፤ የከበደውም «የተሰጡት ቁጥሮች በጣም ስላነሱ» ነው አለ። ሾፌሩ አምኖ ራሱን ነቀነቀ። እኔ «ወራጅ አለ» ልል ትንሽ ነበር የቀረኝ።

የመጀመሪያው እውነት ነው። የኢንካላን ሰሌዳ እ.ኤ.አ. በ2012 የእንግሊዝ ጋዜጣ በዚሁ ማዕረግ አትሞታል። ሁለተኛው ግን ተረት ነው። ሰሌዳው ላይ 21 ቁጥሮች አሉ። 17 ብቻ የተሰጠባቸው ሱዶኩዎች በአሥር ሺዎች ይቆጠራሉ፤ ብዙዎቹም ቡና እስኪፈላ የሚያልቁ ናቸው። (በተለመደው ደንብ ከ17 መውረድ አይቻልም። መልሱ አንድ ብቻ የሆነ ባለ 16 ሱዶኩ እንደሌለ የደብሊኑ ጋሪ ማክጓየርና ባልደረቦቹ በዚያው ዓመት በኮምፒውተር አስሰው አረጋግጠዋል።)

ይባስ ብሎ እ.ኤ.አ. በ2020 ሚቸል ሊ የተባለ እንቆቅልሽ ሠሪ ሁለት ቁጥር ብቻ ያለበት ሰሌዳ አቀረበ። እንግሊዛዊው ሳይመን አንቶኒ መጀመሪያ «ይሄ ቀልድ ነው» ብሎ ጠረጠረ፤ በ25 ደቂቃ ገደማ ግን ጨረሰው። ሚስጥሩ በተለመደው ደንብ ላይ የተጨመሩት ናቸው፦ የቼዝ ፈረስ ወይም ንጉሥ በአንድ እርምጃ የሚደርስባቸው ቤቶች አንድ ዓይነት ቁጥር አይዙም፤ በጎን ወይም በላይና በታች የተነካኩ ቤቶች ደግሞ እንደ 4 እና 5 ያሉ ተከታታዮችን አይዙም። ድግስ ላይ እንግዳ የሚያስቀምጥ ሰው ያውቀዋል፤ «እገሌ ከእገሌ ጎን አይቀመጥም» የሚለው ትእዛዝ ሲበዛ ምርጫው ያልቅና ወንበሩ ራሱ ስም ይጠራል።

ደንቡን ለማያውቅ፦ ከ1 እስከ 9 በየረድፉ፣ በየዓምዱና በየሳጥኑ አንዴ አንዴ። በቃ።

የምወደው ዘዴ ከዚህች ደንብ ይወለዳል። ከ1 እስከ 9 ሲደመር 45 ነው። «ገዳይ ሱዶኩ» በሚሉት ዓይነት (ስሙን አልወደውም፤ «ባለ አጥር» ቢባል ይሻል ነበር) ቤቶች በአጥር ተከልለው ድምራቸው ብቻ ይሰጣል። አንድን ሳጥን የሸፈኑት አጥሮች ድምር 52 ቢሆንና አንዲት ቤት ብቻ ወደ ጎረቤት ሳጥን ብትወጣ፣ የወጣችው 7 ናት። አንድም ቁጥር ሳይሰጠን አንድ አገኘን።

አሁን ሚዛን አምጡ። በአንዱ ሳህን ዓምድ 1፣ 2፣ 8 እና 9ን ጫኑ። በሌላው ረድፍ 3 እና 7ን፣ ከመካከለኛው ሳጥን ግራና ቀኝ ካሉት ሁለት ሳጥኖች ጋር። በሁለቱም በኩል እያንዳንዱ ቁጥር አራት አራት ጊዜ አለ፤ ሚዛኑ እኩል ነው። 20 ቤቶች ግን በሁለቱም ሳህን ተቆጥረዋል። እነሱን ከሁለቱም አንሱ። ከአንድ ወገን የቀሩት አራቱ ማዕዘኖች ናቸው፣ አራት አራት ቤት። ከሌላው ወገን መካከለኛውን ሳጥን የከበበ የ16 ቤቶች ቀለበት። ስለዚህ ቀለበቱና ማዕዘኖቹ ቁጥር በቁጥር አንድ ናቸው፤ ቀለበቱ ውስጥ ሦስት 8 ካለ ማዕዘኖቹም ላይ ሦስት 8 አለ። ቀለበቱ የሚጠራው ፊስቶሜፈል በሚባል እንቆቅልሽ ሠሪ የብዕር ስም ነው። የትናንት ጋዜጣ ላይ የጨረሳችሁት ሱዶኩ ካለ ቁጠሩና እዩ።

ክብደት በምን ይለካ ስትሉኝ ግን ድምፄን ዝቅ አደርጋለሁ። ኮምፒውተር እየሞከረ፣ ሲሳሳት እየተመለሰ፣ የኢንካላን ሰሌዳ ከሰከንድ ባነሰ ጊዜ ይፈታል። እኔ ይህን መፍታት አልለውም፤ የሚሉ አሉ። «እዚህ 3 ቢሆንስ?» ብሎ እስከ ተቃርኖ መሄድስ ግምት ነው ወይስ ማስረጃ? እኛ ፈቺዎች አልተስማማንም። እ.ኤ.አ. በ2003 ያቶና ሴታ ሱዶኩ ለኮምፒውተር ከባድ ከሚባሉት ችግሮች ተርታ መሆኑን አሳይተዋል፤ ያ ግን ሰሌዳው ያለ ገደብ እያደገ ሲሄድ እንጂ ስለ ዘጠኝ በዘጠኙ አይደለም።

ቀለበቱም ቢሆን ይበልጥ የሚያገለግለው አጥርና ድምር ባለበት ነው። ለኢንካላ 21 ቁጥሮች እምብዛም አይረዳም። እዚያ የሚጠብቃችሁ ረጅም የ«ቢሆንስ» ሰንሰለት ነው፤ እርሳስና ላጲስ ይዛችሁ ግቡ።