የጎርፍ ሜዳ ግንባታ በአዳማ

የጎርፍ ሜዳ ውኃ መውረጃ ሲሞላ ጎርፉ የሚተኛበት ዝቅተኛ መሬት ነው። በበጋ ደረቅና ሰፊ ስለሚሆን ለመዝናኛ ፓርክ የተመቸ ይመስላል።

አዳማ (ናዝሬት) በስምጥ ሸለቆ ውስጥ በኮረብቶች የተከበበች ከተማ ናት። በ1952 ዓ.ም. ሥራው የተጠናቀቀው የቆቃ ግድብ የአዋሽን ሙላት ቢቀንስም፣ ይህ የሚጠቅመው ከግድቡ በታች ላሉት እንደ ወንጂ ላሉ ሜዳዎች ነው። ከኮረብቶቹ ወደ ከተማዋ የሚወርደውን ጎርፍ ግድቡ አያገኘውም። ስለዚህ ቦታ ሲመረጥ «ወንዙ ሩቅ ነው» ማለት አያዋጣም። አብዛኛውን ዓመት ደረቅ አሸዋ የሆነው የድሬዳዋው ደቻቱ በ1998 ዓ.ም. ክረምት በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰዎችን ገድሏል።

የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ከግንባታ በፊት ፈቃድ ይጠይቅ ነበር። የሕዝብ መገልገያ ሕንፃዎችንና ከ12 ሜትር በላይ ከፍታ ያላቸውን በምድብ «ሐ» ያስቀምጥ ነበር።

መሐንዲሶች ብዙ ጊዜ መነሻ የሚያደርጉት «የመቶ ዓመት ጎርፍ» የሚባለውን ነው። ስሙ ያሳስታል፤ በየዓመቱ 1 በመቶ የመድረስ ዕድል ያለው ጎርፍ ማለት እንጂ በመቶ ዓመት አንዴ ብቻ የሚመጣ ማለት አይደለም። 30 ዓመት ለሚያገለግል መጫወቻ ስሌቱ 1 − 0.99³⁰ ሲሆን ውጤቱ ወደ 26 በመቶ ይጠጋል።

እንደ ትልቅ የሚሽከረከር ጎማ ያለ መጫወቻ ጫናው በጥቂት እግሮች ላይ ያርፋል። ፈጣን ጎርፍ በእግሮቹ ዙሪያ ያለውን አፈር ጠርጎ ከወሰደ መጫወቻው ሊያዘነብል ይችላል። በዚህም ምክንያት መሠረቱ አፈሩ ከሚጠረግበት ጥልቀት በታች ይወርዳል፤ ሞተሩና የኤሌክትሪክ ሳጥኑ ደግሞ ከሚጠበቀው የውኃ ከፍታ በላይ ይሰቀላሉ። አጥሩም ቢሆን ቀላል ነገር አይደለም፦ ቆሻሻና ቅርንጫፍ ሲይዝ እንደ ግድብ ሆኖ ውኃውን ወደ ጎረቤት ቤቶች ይመልሳል።