ከቡጢ በፊት ድምፅ

ልጅዎ ከወረታ ትምህርቷን ጨርሳ፣ በፎገራ የሩዝ ማሳዎች መካከል ወደ ቤቷ ስትሄድ አንድ ሰው ቢከተላት ምን ታደርጋለች? ብዙዎቻችን «ቴኳንዶ ትማር» እንላለን። መልካም ነው፤ ግን ቀድሞ እጇን የሚይዛት ይሉኝታ ነው። «ተሳስቼ ቢሆንስ?» ብላ ዝም ትላለች።

ይሉኝታን ማሸነፍም በልምምድ ይመጣል። በካናዳ ዩኒቨርሲቲዎች ሴት ተማሪዎች በ12 ሰዓት ሥልጠና አደጋን ቶሎ መለየትን፣ የሚያውቁትንም ሰው «እምቢ» ማለትን፣ ራስን መከላከልን ተማሩ። በ2015 እ.ኤ.አ. የታተመው ጥናት እንዳሳየው፣ በአንድ ዓመት ውስጥ የመደፈር ጥቃት የደረሰባቸው ካልሠለጠኑት 9.8 በመቶ፣ ከሠለጠኑት ግን 5.2 በመቶ ነበሩ።

እርስዎም ቤት ውስጥ ያለማምዷት። እጆቿን ከፊቷ ዘርግታ «ተመለስ!» ትበል፤ «የሰው ያለህ!» ብላ ትጩህ። ከተያዘች ዓይኑን፣ ጉሮሮውን ወይም ብሽሽቱን መትታ ሰው ወዳለበት ትሩጥ። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ አንቀጽ 78 ከአደጋው ጋር የተመጣጠነ መከላከልን ይፈቅዳል።

ደንግጣ ድምፅ ቢያጥራትም ጥፋቱ የአጥቂው ብቻ ነው። ይህን ዛሬውኑ ይንገሯት፤ አንድ ቀን የሆነ ነገር ቢገጥማት፣ ሳትፈራ መጀመሪያ የምትነግረው ለእርስዎ ይሆናል።