ተጨማሪ መረጃ፦ ፖሊሽና ሰም በመኪና ቀለም ላይ

ዝናብ ሲዘንብ በአንዳንድ መኪኖች ላይ ውሃው ድብልብል ጠብታ ሆኖ ሲንከባለል አይታችሁ ይሆናል። ይህን ከሚያደርጉት አንዱ ሰም ነው። የውሃ ሞለኪውሎች ከሰም ይልቅ እርስ በርሳቸው አጥብቀው ስለሚሳሳቡ ጠብታው አይዘረጋም፤ ይህ ውሃን የመግፋት ባሕርይ ሃይድሮፎቢክነት ይባላል።

ብዙ ሰው ፖሊሽንና ሰምን አንድ ያደርጋቸዋል፤ ሥራቸው ግን ይለያያል። ፖሊሽ እጅግ ደቃቅ በሆኑ ብናኞች ከቀለሙ ገጽ ስስ ንጣፍ ይፍቃል። ጭረቱ ሲስተካከል ብርሃን ሳይበታተን ይንጸባረቃል፣ መኪናውም ያብረቀርቃል። የተፋቀው ግን ስለማይመለስ ፖሊሽ ማዘውተር ቀለሙን ይጎዳል። ሰም አይፍቅም፤ ይሸፍናል። ስለዚህ ከፖሊሽ በኋላ፣ ጥላ ሥር፣ በቀዘቀዘ ገጽ ላይ በስሱ ይቀባል።

ከታወቁት የመኪና ሰሞች አንዱ ካርናውባ በብራዚል ከሚበቅል የዘንባባ ዓይነት ቅጠል ይገኛል። የሚቀልጠው ከ80 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ነው፤ የንብ ሰም ግን በ63 አካባቢ ይቀልጣል። ፀሐይ ላይ ለሚውል ጥቁር መኪና ይህ ልዩነት ትልቅ ነው።

ሞክሩት፦ የአንድ ንጹሕ ቆርቆሮ ክዳን ግማሹን በሻማ እሹ። በሁለቱም በኩል አንዳንድ ጠብታ ውሃ አድርጉና ከጎን እያያችሁ ቅርጻቸውን ሣሉ።